ንብ በላች የተባለችው ወፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመቱ ከተማ ብዙም በማትርቀው ሁሩሙ ውስጥ፣ ቀን በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ስንማር ውለን ጀንበር ስታዘቀዝቅ የምንሰበሰበው ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ ግቢ ነበር። ጋሼ ንብ አናቢ ነበሩ። አዲስ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመሰቀሉ በፊት በጭስ ይታጠናልና፣ እሳቸው ቀፎውን ከፍሙ በላይ እያዞሩ ሲያጥኑ እኛ ዓይናችን እያለቀሰ ተረታቸውን እንሰማ ነበር።

ከሁሉም እስከዛሬ የሚያናድደኝ የዚያች ወፍ ተረት ነው። እፍኝ የማትሞላ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበበው፣ ከጫካ ቡናችን ጥላ የማትጠፋ ወፍ ናት። ጋሼ እንደሚሉት የንቦቹን አውራ ሰርቃ በላች፤ ፈጣሪም የትም ብትሄድ ሌብነቷ እንዲታወቅ ቀለበቱን አደረገባት። ያኔ አንዲት ቃል አልተጠራጠርኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡናችን መሃል ጎጆዋን አገኘሁ። ሮጬ ነገርኳቸው፤ ኮርቼ ነበር።

«የታለች ሲምቢሮዋ፣ ወፊቱ? ሌባዋን ዛሬ አገኘናት!» ብለው ገጀራቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ቅርንጫፉን በአንድ ምት ጣሉት። ሦስቱም ጫጩቶች መሬት ላይ ተፈጠፈጡ። አንዱን አንስቼ አፉን ባየው፣ ግማሹ ገና ያልተዋጠ አረንጓዴ ትል ነው፤ ያ የቡናችንን ቅጠል የሚበሳሳው ትል።

«ጋሼ፣ ንቡ የታለ?» አልኳቸው።

«የምን ንብ?»

«የበላችው ነዋ! እርስዎ አይደሉም እንዴ የነገሩን?»

ሳቁብኝ። «አይ ልጄ፣ ተረት እኮ ነው! ይልቅ ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።»

ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው። ገጀራ ሲያነሱ እውነት የነበረው፣ ስጠይቃቸው ተረት ሆነ! ወፏ ትልና ሸረሪት እየለቀመች፣ የዱር ፍሬና የአበባ ወለላ እየቀመሰች የምትኖር መሆኗን ለማወቅ እኮ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ዕድሜ ልካቸውን ጫካ ውስጥ የኖሩ ሰው አንድ ቀን ቆም ብለው ቢያዩዋት ይበቃ ነበር።

ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም መቱ ኑሮ መሥርቼ ልጆች ወልጃለሁ፤ ሙት መውቀስ ነውር ነው ይሉኛል። ይሁን። ከዚያ ቀን አብሮኝ የቀረው ግን የሳቸው ሳቅ ብቻ አይደለም። እናቲቱ በአፏ ትል እንደያዘች መጥታ፣ ቅርንጫፉ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ደጋግማ ስትዞር አይቻታለሁ። ጎጆዋን ያሳየሁት እኔ ነኝ።