ግሪሳን በስም የምትጠራው ዘነበች

መምህር ዓለሙን ወባ ጥሎት ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲገባ፣ በእሱ ቦታ ለጊዜው የተላከችው ዘነበች ነበረች። ሸዋ ሮቢት የገባችው በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ የወንድ ባርኔጣ ደፍታ ነው። ዳይሬክተሩ አቶ ይልማ በዚያ ሙቀት እንኳ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸውና፣ ባርኔጣዋን እንዳዩ ትምህርቱ መበላሸቱ ገባቸው። ሌላ ነገር እንዲህ ፈጥኖ ገብቷቸው አያውቅም።

ዘነበች የምትመኘው ቋሚ መሆንን ብቻ ነበር። አለዚያ ተመልሳ አክስቷ ቤት ጠላ መቅዳቷ ነው።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያሸት ክፍሉ ባዶ ሆነ። የቆላ ልጅ ያን ጊዜ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ ይጠብቃል። አቶ ይልማ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጋር ተፋጠው ቀሩ። ዘነበች ግን ሰሌዳዋን ተሸክማ ማሳ ወረደች፤ አንዱ ማማ ላይ ወጥታ ስም ትጠራ ጀመር።

«አሊዪ?»

«አቤት!»

«ሩቂያ?»

«አቤት!»

«ግሪሳ?»

«ቀሪ!» ይላሉ ልጆቹ ከየማማው፤ ጅራፉ ይጮሃል፣ ሰማዩ ይጸዳል።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ወፍ ታናግራለች» ይል ነበር አብዱልሃዲ፣ የአቶ ይልማን ማሳ በእኩል የሚያርሰው።

ወሬው ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ።

«ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ልበል? ተማሪዎቼ ዛፍ ላይ ሰፈሩ ልበል?»

«ማማ ነው፣ ጋሼ።»

«ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ክፍል፣ አንቺ አክስትሽ ቤት!»

በማግስቱ ክፍሉ ጢም አለ። አቶ ይልማ ስለ ጥርስ ንጽሕና እያስተማሩ ሳለ አብዱልሃዲ በመስኮት ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ማሽላውን ወፍ ጨረሰው!»

«የማንን?»

«የሁለታችንን። ግን ከእርስዎ ድርሻ ነው የጀመረው።»

ጥርሱም ንጽሕናውም እዚያው ቀረ። ዘነበች መንገድ ዳር መኪና ስትጠብቅ፣ ዳይሬክተሩ ማማ ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ አየች። ግሪሳው እንደ ተጋባዥ ዘና ብሎ ይበላል። ቀስ ብላ ሄዳ ከማማው ሥር ቆመች።

«ዛሬስ ቀሪ የለም፣ ጋሼ።»

«በእናትሽ፣ ልጆቹን ጥሪልኝ!»

«የተባረረ ሰው ስም ይጠራል እንዴ?»

«ማን አባረረሽ? ለቋሚነት እኔው ራሴ ደብረ ብርሃን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ እለምንልሻለሁ! አብዱልሃዲ ምስክር ነው!»

«ሰምቻለሁ፣ ወላሂ» አለ አብዱልሃዲ ከማሽላው መሃል።

«እንግዲያስ ልጆቹ እስኪደርሱ ከረባትዎን ያውርዱልኝ።»

«ከረባቴን? ለምን?»

«ወንጭፍ የለኝም።»

አቶ ይልማ ማሽላውን አዩ፣ ወፉን አዩ። በዚያ ቆላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረባታቸውን ፈትተው ጣሉላት። ዘነበች ከረባቱን አጥፋ፣ ድንጋይ አንስታ እጥፉ ላይ አኖረች።