መብራቱ የበራበት ሰዓት

ሀይለማርያም ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዴንቨር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኤርፖርት ሻትል ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። በወጣትነቱ ግን ከአሰብ ወደብ መግቢያ ፊት ለፊት ባለች ደሴት የመርከቦች መብራት ማማ ጠባቂ ነበር። ጠባቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እሱና ተክለሚካኤል። ፀሐይ ስትገባ መብራቱን ያበራሉ፣ ሰዓቱን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ተክለሚካኤል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መዝገቡ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ሀይለማርያም ቤት ነበር።

ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያኑ ስለ አረጋውያን ምዕመናን መጽሔት ሲያዘጋጅ ሀይለማርያም መዝገቡን አዋሰው። የማማውን ታሪክ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ሶልያና ናት፤ የመጽሔቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የእንዳልክ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች።

መጽሔቱ በታደለ ማግስት የተክለሚካኤል ልጅ ሠርካዲስ ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል ደወለች።

«ጋሼ፣ አባቴ ሰው አስገድሏል እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

አነበበችለት። አንዲት መርከብ በ8፡40 ፒኤም አለት መታች፤ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። ተረኛው ተክለሚካኤል መብራቱን ያበራው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በ12፡10 ነው።

ሀይለማርያም ስልኩን አስቀመጠ። መኪናውን አስነስቶ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የእንዳልክ ሱቅ ሄደ። አባትና ልጅ ባንኮኒው ኋላ ነበሩ።

«ይኼን ስንት ሰው አንብቦ ነው የታተመው?»

«ሦስት። ምነው ጋሼ?»

«ሱቅህን ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«አንቺስ?»

«ናይን» አለች ሶልያና።

«ተክለሚካኤልስ ስንት ሰዓት አበራ?»

እንዳልክ የመጽሔቱን ገጽ ገለጠ። የመርከቧ ሰዓት ከኢንተርኔት የተወሰደ ነው፤ የመብራቱ ከመዝገቡ። አሥራ ሁለት ከአሥር፣ ፀሐይ መግቢያ። መርከቧ አለቱን ከመምታቷ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት። ፊቱ ጠቆረ።

«ሶሪ ጋሼ» አለች ሶልያና። «ዌብሳይቱን አሁኑኑ ፊክስ አደርገዋለሁ።»

«ሠርካዲስ የያዘችው ወረቀት ነው።»

«ለፋሲካ በሚወጣው እትም ማረሚያ እናስገባለን» አለ እንዳልክ።

«እስከ ፋሲካ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይቆይ? እሷስ እዚህ ተወልዳ ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው? አንብበኸዋል?»

እንዳልክ ወደ ልጁ አየ። «ስሟን አየሁና አለፍኩት።»

ያልታደለው መጽሔት ሁለት ካርቶን ጥግ ላይ ተቆልሏል። ሀይለማርያም ካርቶኖቹን ቀደደ፤ ሰዓቱን በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ እንዲያርሙ ለሁለቱም እስክሪብቶ ሰጣቸው። «ስትጨርሱ ሴንቴኒያል እንሄዳለን። እኔ አልናገርም። ስሙን ያጠፋችሁት ትናገራላችሁ።»

ሠርካዲስ በሩን ከፈተች፤ ግቡ አላለችም። እንዳልክ ቆሞ ነገራት፤ የተዋሱትንም መዝገብ ዘረጋላት። መዝገቡን ተቀብላ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ያሳፈራችሁኝ ሰው ሁሉ ፊት ነው» አለች። «አቶ እንዳልክ፣ እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ይናገሩታል። በማይክ።»

መዝገቡን እንደያዘች በሩን ዘጋች። ሀይለማርያም መልሺልኝ አላላትም።