ውሃ ሽቅብ ያስወጣሁበት ቅዳሜ

ልጃችን ከአዲስ አበባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጭነት መኪና ላከችልን። ጂንካ ደርሶ ሲራገፍ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየው። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ የሠራሁት እኔ ይመስል።

ባለቤቴ ካልሲ እንኳ አምና አትሰጠውም ነበር። ያን ቅዳሜ ግን እጇን ስላመማት የመዝሙር ጋውኗን ሰጠችው። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያናችን፣ ከእናቶች መዘምራን መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትዘምር ነው። ጋውን ያልለበሰች ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር አትቆምም።

እዚህ ላይ የኔ ብልሃት ገባ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እጣቢ በከንቱ አይደፋም፤ ሽንት ቤት ይታጠብበታል፣ ሙዙም ይጠጣዋል። ማሽኑ ያን ሁሉ ውሃ ሜዳ ላይ ሲተፋው አንጀቴን በላው። ስለዚህ ከመስኮቱ ውጭ ከቁመቴ የሚበልጥ የእንጨት ማማ ሠርቼ በርሜል ሰቀልኩበት፤ የማሽኑን ማስወጫ ቱቦም በጎማ ቀጥዬ እላዩ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲያ ውሃው በራሱ ጊዜ ወደ ሽንት ቤቱ ይወርዳል። መሐንዲስ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ማሽኑ አጥቦ አጥቦ ውሃውን ማስወጣት ላይ ሲደርስ ያቃስት ጀመር። ውሃው ጥቂት ሽቅብ ይሄድና ተመልሶ ይወርዳል። በመስታወቱ ሳይ፣ ጋውኑ እንደሚሰምጥ ሰው እጅጌውን ያወዛውዛል። በሩ ደግሞ ውስጡ ውሃ እያለ አይከፈትም።

“ምን ሆነ?” አለች ባለቤቴ።

“መብራቱ አቅም አንሶት ነው፣ እሜቴ።”

አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ በጥፊም ሞከርኩት። ከሥር ያለውን የማጣሪያ ክዳን ፈታ ሳደርግ ባለፈው ካጠብኩት ከራሴ ሱሪ ኪስ የወደቀ ሚስማር ወጣ። ተከትሎት ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ደንግጬ ዘጋሁት። ያሳዘነኝ ወለሉ አልነበረም።

“ለምን ዘጋኸው?”

“ይባክናላ!”

“አንተ ሰውዬ፣ ከጋውኔና ከእጣቢው የቱን ነው የምትመርጠው?”

እውነቱን ለመናገር፣ መልሱ ትንሽ ዘገየብኝ።

እሷ ግን አልጠበቀችኝም። ወጥታ ወደ ማማው ቀና አለች። “ጌታ ሆይ! ማሽኑ አህያ ነው እንዴ፣ ውሃ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው?” ብላ ቱቦው የታሰረበትን ገመድ በቢላ በጠሰችው። ቱቦው መሬት እንደነካ ማሽኑ እፎይ አለ፤ እጣቢው በሙሉ የወረደው እኔ እግር ላይ ነው።

በሩ ተከፍቶ ጋውኑን ስናወጣ መብራት ጠፋ። መጭመቁ ለእኔ ቀረ፤ ክንዴ እንደ ምላሴ ቢሆን ኖሮ በደረቀ ነበር። ማታ የጀመረው ዝናብም እስኪነጋ አላባራም፤ ቤት ውስጥ ሰቅለነው አደረ።

እሑድ ጠዋት ጋውኑ ገና እርጥብ ነው።

“ልበሺው፣ በዝማሬው ይደርቃል” አልኳት።

በዓይኗ ገርፋኝ ለበሰችው።

ፊት ቆማ ድምጿን ስትለቀው ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ የምጸልይ መስሏቸው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ከጋውኑ ጫፍ ጠብ የሚለውን ውሃ እያየሁ “ምነው ከሥሩ ሳፋ ቢኖር” እያልኩ እንደሆነ በምን ይወቁ?