ድምፅ ማጉያውና መርዶ

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ወንድሜ ሲሞት አላየሁም፤ የሞተው አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እኔ የማውቀው እዚህ ሆሳዕና እንዴት እንደሰማሁት ብቻ ነው። እሱን ለመጻፍ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ቤታችን ሥራ መናገር አለብኝ።

አባቴ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አንድ ክፍል ሱቅ ነበረው። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሦስት አራት ቀን አልፎታል፤ ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ የሳምንቱ ሁሉ ረጥቦ አንድ ላይ ይመጣል። ገዢው ጥቂት ነበር፤ መምህራን፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ሁለት ሦስት የጉራጌ ነጋዴዎች። ሰሚው ግን ብዙ ነው። የገበያ ቀን ከሌሞ የመጣ ገበሬ ፈረሱን ደጃፍ ላይ ያስርና "እስቲ ዛሬ ምን ይላል?" ይላል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አማርኛውን ያነብለትና በሀዲይኛ ያስረዳዋል። ከጀርባ በእጅ የሚዞር ማባዣ ማሽን ነበረን። የፈተና ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብ እናባዛበታለን። ቀለሙ ከጥፍራችን ለቅቆ አያውቅም።

ከዚያ ሬዲዮ በየሻይ ቤቱ ገባ። ጋዜጣ ሊሰማ የሚመጣው ሰው ሳሳ። አባቴ ባዶ አግዳሚ ወንበር እያየ ሲቀመጥ፣ ወንድሜ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ያገለገለ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። በመኪና ባትሪ ይሠራል። ፈረስ ጋሪ ላይ አሰረውና ገበያ መሀል አቆመው። የጠፋ በቅሎ፣ አዲስ የገባ ጨርቅ፣ የክትባት ቀን፣ የግብር መክፈያ ቀን ይናገርበት ጀመር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሀዲይኛ፣ የከምባታ ሰዎች ካሉ በከምባትኛም። ሰው "የሚጮኸው ጋሪ" አለን። ወንድሜ ስሙን ወደደው።

አባቴና እሱ የተጣሉት በለቅሶ ነው። ወንድሜ የሞት ዜናም እንናገር አለ።

"ለቅሶ እንደ አቡጀዲ ይታወጃል?" አለ አባቴ።

"አባባ፣ በፈረስ የተላከው ሰው ዶዮገና እስኪደርስ እኮ ቀብሩ ያልፋል። እኔ ገበያውን ሁሉ ባንድ ጊዜ እነግረዋለሁ።"

"ያልተረዳ ዘመድ ገበያው ውስጥ ቢኖርስ?"

በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሰው እንዲሁ አይነገረውም። የሰሙት ሁሉ ፊታቸውን ደብቀው ይውላሉ። ማታ እህል መቅመሱን ያረጋግጣሉ፤ ሲነጋ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ሄደው ያረዱታል። አባቴ የሚፈራው ይህ እንዳይፈርስ ነው። በመጨረሻ ተስማሙ። የለቅሶ ወረቀት ያመጣ ሰው ሁሉ "የቅርብ ቤተሰብ ተረድቷል?" ተብሎ ይጠየቃል። ተረድቷል ካለ ወንድሜ በቀይ እርሳስ ወረቀቱ ጥግ ላይ ያሰምራል። ያልተሰመረበት አይነበብም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። ከሀቢቾ ሳይቀር ወረቀት ይላክልን ጀመር።

ወንድሜ የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ አበጠ። እዚህ ያዩት ሰዎች አዲስ አበባ ውሰዱት አሉ። አባቴ ይዞት ሄደ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ወንድሜ በመስኮት ጠራኝ።

"ጋሪውን አንተ ያዝ።"

"እኔ መናገር አልችልም።"

"አንተ በቀስታ ተናገር፣ መጮሁን ማሽኑ ይጮኻል" አለና ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቴን በየገበያው ቀን እየተውኩ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ሰው ፊት ሲሆን ቃል አይወጣልኝም፤ ግማሹ ላይ እቆማለሁ። ቅቤ ሻጮቹ ይስቁብኛል። "ምነው፣ ቆጮ ተሰነቀረብህ እንዴ? ውኃ አጠጡት!" ይላሉ። "ወንድምህ ሲመጣ ይጨርሰዋል፣ ተወው!" የሚልም ነበር። ይህ ያሳፍረኛል እንጂ አያስፈራኝም።

የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ነው። እንዴት ብዬ ላስረዳ። ሰው እጥፍ ወረቀት ይዞ ወደ ጋሪው ሲመጣ የወንድሜ ስም ያለበት መስሎ ይሰማኛል። አባቴ ከአዲስ አበባ አልፎ አልፎ ስልክ ይደውላል፤ ስልክ ቤት ያለው ሰው መልእክቱን ጽፎ ይልክልናል፤ "ደህና ነው፣ ጸልዩ" ይላል፣ ሁልጊዜ ያንኑ። እናቴ ያቺን ወረቀት ደረቷ ውስጥ ትከታታለች። እኔ ግን የሁሉም ሰው ወሬ በእኛ ቤት የሚወጣበት ከተማ ውስጥ፣ የወንድሜም ወሬ አንድ ቀን በእጄ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ እጥፉን ስከፍት ሌላውን ሁሉ ትቼ በዓይኔ ስሙን ብቻ እፈልጋለሁ። የሌላ ሰው ስም ሲሆን እተነፍሳለሁ። በሰው ሞት ደስ ይለኝ ነበር ማለት ነው። ይህንንም ልጽፈው ይገባል።

ያን ቀን ገበያው ሞልቶ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው እየሮጠ መጥቶ ወረቀት አቀበለኝና ወደ ሕዝቡ ገባ። ከፈትኩት። ስሙን አየሁ፤ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ስም ነው። የወንድሜ አይደለም! ቶሎ ላንብበውና ከእጄ ይውጣ ብዬ ማይክራፎኑን አነሳሁ። ያለ መንተባተብ ያነበብኩት የመጀመሪያ ወረቀት እሱ ነው። በአማርኛ አነበብኩ፣ በሀዲይኛ ደገምኩ፣ የቀብሩን ቦታ ተናገርኩ።

ከቅቤ ተራው ጩኸት ተነሳ። አንዲት ሴት የቅቤ ቅሏን ጥላ መሬት ላይ ወደቀች። የሟቹ ልጅ ነበረች። ሌሞ ያገባች፣ አባቷ ደህና ነው ብላ ጠዋት ከቤቷ የወጣች። ሴቶች ያዟት። ወረቀቱን አየሁት። ጥጉ ላይ ምንም አልተሰመረበትም። ሰውየውን አልጠየቅኩትም ነበር።

ባሏ ዱላ ይዞ መጣ። ሁለት ወንድሞቹ ከኋላው ናቸው።

"ውረድ!" አለኝ። "ውረድ አንተ! ሚስቴን እንደ ከብት በገበያ ታረዳታለህ? እናት የለህም? ወንድም የለህም?"

የጋሪውን እንጨት ይዤ ቀረሁ። ሰው ከበበን። "ይህ ቆርቆሮ ይሰበር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰውየው ሸሚዜን ይዞ አወረደኝ፤ ዱላውም ከፍ አለ።

ያን ጊዜ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ሕዝቡን እየገፉ ደረሱ። ሊያስታርቁ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስለ እርቅ አልተናገሩም። የሰውየውን ክንድ ያዙና በጆሮው ጥቂት ቃል አሉት። እኔ አልሰማሁም።

ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ። ሰውየው ሸሚዜን ለቀቀ። አየኝ፤ ከዚያ ማየቱን ተወ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"አይዞህ" አለኝ።

ከዱላው ይልቅ ይህ ቃል አስፈራኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ ሹክሹክታው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ሲሰድበኝ የነበረው ሰው መሬት መሬት ያያል። ከቅቤ ሻጮቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚቆጣኝ አንድ ሰው አጣሁ። ተቆጡኝ ብዬ ልለምናቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍቼ እንዴት ዝም እባላለሁ?

"ጋሼ" አልኳቸው ሽማግሌውን። "ወንድሜ ነው?"

አዎ አላሉኝም፣ አይደለም አላሉኝም። እንዲህ አሉ፦ "ነገ ሲነጋ እንመጣለን። ማታ እናትህ እህል መቅመሷን እይ።"

"ጋሼ..."

"ምንም እንዳትላት። ትችላለህ?"

እንደምችል ራሴን ነቅንቄ ነገርኳቸው። ጠዋት አባቴ ደውሎ ኖሯል። ስልክ ቤት ያለው ሰው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄደ፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነውና።

ፈረሱን ልመልስ ብል እጄ ልጓሙን አልይዝ አለኝ። ያ ዱላ ያነሳብኝ ሰው ሚስቱን ከሴቶቹ ጋር ወደ አባቷ አገር ልኮ፣ እሱ ፈረሱን እየሳበ እስከ ደጃችን አደረሰኝ። ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሸሚዜን አየና የተቀደደውን ኪስ በእጁ አስተካከለልኝ። ሄደ።

እናቴ ምጣድ ላይ ቆጮ ስትገለብጥ አገኘኋት።

"ሸሚዝህን ምን ነካው?"

"ምስማር ያዘው።"

"ገበያው እንዴት ዋለ? የማን ወረቀት መጣ?"

የሟቹን ገበሬ ስም ነገርኳት። "ወይኔ! አውቃቸው ነበር" አለች። "ልጆቹ ተረድተዋል?" ብላም ጠየቀችኝ።

"ተረድተዋል" አልኩ።

ገበታ ቀረበ። እንድትበላ መብላት ነበረብኝ። ጎመኑን በቆጮ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ አደረግሁት፤ አልዋጥ አለ። ፊቴን ታነብ ይሆን ብዬ ወደ ምድጃው ዞርኩ። እሷ ቀስ ብላ በላች። ደግማ በላች። ስለ ወንድሜ ታወራ ነበር፤ ሲመጣ በሬውን ሸጠን ጣሪያውን ቆርቆሮ እናለብሳለን አለች። "እሺ" እላለሁ። ሌላ ቃል ብጨምር ሁሉም ይወጣል። ያን ቀን በመቶ የሚቆጠር ሰው ፊት አንድ ሞት ተናግሬ፣ ለአንድ ሰው ሌላ ሞት አለመናገር ነበረብኝ። ይህኛው ከበደኝ።

ሲነጋ የእግር ኮቴ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። እናቴም ሰማች። ብዙ ሰው መሆኑን ከኮቴው ስታውቅ ተነስታ ቆመች፤ ወደ በሩ አልሄደችም። ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን ካየችው ማወቄን ታውቃለች። ስለዚህ አልጠበቅኩም፤ አጠገቧ ሄጄ ክንዷን ያዝኩና በሩን በሌላው እጄ ከፈትኩላቸው።

አባቴ አስከሬኑን ይዞ በማግስቱ ደረሰ። ድምፅ ማጉያው አሁንም አለ፤ ጨርቅና ክትባት ይናገራል። ለቅሶ ግን እንደ ድሮው በፈረስ ይላካል። እናቴ ከቀብሩ ብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ቀና ሳትል "ያን ማታ አውቀህ ነበር?" አለችኝ።

"አላወቅኩም" አልኩ።

"በልቼ ነበር" አለች። "ሁለት ጊዜ በላሁ።"