ድፍን ጎማና የቀንጠፋ በር

የዚያን ዓመት ኅዳር ጅማ ውስጥ ጊንጆ ከሚገኘው ቤቴ አንስቶ እስከ ተማሪዎቼ ድረስ ባለው መንገድ ላይ የሚገኘውን እሾህ በየዓይነቱ አውቀው ነበር። የቀጋ እሾህ ወፍራምና ቆልማማ ነው፤ ጎማ ከወጋ በኋላ ይሰበርና ጫፉ ውስጥ ይቀራል። የግራር እሾህ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሲገባ እንኳ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ብስክሌቱ እየከበደ ሲሄድ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ቀንጠፋ ነው። ቀንጠፋ ብቻውን አይመጣም፤ አንዱን ነቅዬ ቀና ስል ሌላው ከጎኑ ገብቶ አገኘዋለሁ።

ብስክሌቴ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። እኔ በምሠራበት ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሸጠልኝ። ሥራዬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከአጋሮው አስፋልት ተገንጥሎ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ እየሄድኩ፣ ትልልቅ ሴቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። በሚኒባስ መሄድ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በቡና ወቅት ሚኒባሱ በሰውና በጆንያ ይሞላል፣ ከሞላም በኋላ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ያስተምሩ ብሎ ያዘዘኝ የለም። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ ጡት አስጥዬ፣ በማታ ትምህርት ነው። የማታው አንደኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን አንድ ቀን ቀረች። ሌላም ቀን ቀረች። ከዚያ እኛም እየተንጠባጠብን ቀረንና ክፍሉ ተዘጋ። እንደገና እስኪከፈት ድረስ ዓመታት ጠበቅሁ። ስለዚህ የትልልቅ ሰዎች ክፍል በምን እንደሚበተን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም ነበር። አስተማሪ በሰዓቱ ካልተገኘ ይበተናል።

እኔ ደግሞ በሰዓቱ መገኘት አቃተኝ።

በዚያ አገር ቡና ሲለቀም አንድ ልማድ አለ። ወደ ቡና ማሳውና ቡናው ወደሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ የሚያስገባው ቀጭን መንገድ ሁሉ በተቆረጠ ቀንጠፋ ይዘጋል። ከብት እንዳይገባ ነው፤ እጀ ረጅም ሰውም እንዳይሻገር። ቀንጠፋው በር ነው። እንግዳ ከውጭ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይሻገረውም፤ ባለቤቱ መጥቶ በእንጨት ገፋ ያደርግለታል። በቀን ስንት ጊዜ ይጎተታል፣ ስንት ጊዜ ይመለሳል! በተጎተተ ቁጥር እሾሁ ዋናው መንገድ ላይ ይራገፋል። የሚያርፈውም እኔ በምነዳበት ጠርዝ ላይ ነው።

የጊንጆው ጎሚስታ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መንፊያውን ያነሳ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«የፊቱ ነው የኋላው?»

«ሁለቱም።»

«ማሻአላህ! እሾሁ እንኳ አያዳላም።»

ካላማዳሪያውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን ይፈልጋል። ከጊዜ በኋላ መፈለጉንም ተወው፤ አረፋ ያልወጣበት ቦታ ስላልነበረ። «ይሄ እኮ ካላማዳሪያ መሆኑ ቀርቷል» አለኝ አንድ ቀን፣ ልጥፍ በልጥፍ የሆነውን ጎማ በጣቱ አንጠልጥሎ። «ማስቲሽ ነው። ማስቲሽ ነድተው ነው የሚሄዱት።» መንገድ ላይ ሲገጥመኝ ደግሞ ከዚህ ይብስ ነበር። የኋላው ጎማ ሞተሩ ያለበት ነው፤ ሽቦውን ሳይነቅሉ ቸርኬውን ማውጣት አይቻልም። እየገፋሁ ስደርስ ሴቶቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። ያለቻቸው ጊዜ የተሰጣ ቡናቸውን በምሳ ሰዓት ገልብጠው፣ ማታ እስኪሰበስቡት ድረስ ያለችው ናት።

ያኔ ነው ጎሚስታው ሐሳብ የመጣለት። ከቤቱ ጎን የቡና መፈልፈያ አለ፤ ደጃፉ ላይ ገለባ እንደ ተራራ ተከምሯል። ካላማዳሪያውን ወረወረና ገለባውን አየው።

«እትዬ፣ አየር ባይኖረው ምኑ ይተነፍሳል?»

አሰብኩበት። ከዚያ በፊት አየር የማይሞሉ ጎማዎች እንዳሉ አንብቤ ነበርና ነገሩ ሞኝነት አልመሰለኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጎማውን በገለባ ሞላነው፤ እሱ በእንጨት እየጠቀጠቀ፣ እኔ በእጄ እያቀበልኩ። ሲያልቅ በጣቴ ብጫነው ድንጋይ ሆኗል። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። እሾህ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ምንም የለም! ሴቶቹ በሰዓቱ መድረሴን ሲያዩ አጨበጨቡ። ስመለስ ጎሚስታው «ይሄንን ለመንግሥት አሳውቀን ማስመዝገብ አለብን» አለ።

ረቡዕ ግን ዘነበ። በቡና ወቅት የሚመጣ ዝናብ አገሩን ሁሉ ያስሮጣል፤ ሰው ሁሉ ላስቲክ ይዞ ወደ ማድረቂያው አልጋ ይበርራል። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ብስክሌቱ ለሰለሰልኝ፤ ደስ የሚል ልስላሴ ነበር። ቀጥሎ መንጠር ጀመረ። ገለባው ውኃ ጠጥቶ አብጦ ጎማውን ከቸርኬው እየገፋ ያወጣው ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን ጎማው አፉን ከፍቶ ቡናማ ጭቃ ከወገቤ እስከ አንገቴ ሲረጨኝ ነው። ሽታውን የእሸት ቡና ማጠቢያ አጠገብ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ለሌላው አልገልጽም።

እየገፋሁ ስደርስ ሁለት ሴቶች ብቻ ጠብቀውኛል። አንደኛዋ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘች።

«ባርሲስቱ» አለችኝ፤ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ «ምነው ገለባውን ብቻ? ቡናውን የት ጣልሽው?»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። የክፍላችን ባለቤት ግን አልሳቁም። የምንማርበት ቤት የእሳቸው የቡና መጋዘን ነው። ሁሉም ሀጂ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክፍሉንም በደግነት ነው የሰጡን። ያን ቀን ግን በረንዳው ላይ የነበረው ጀንፈላቸው፣ ገና ሳይፈለፈል የደረቀው ቡና፣ ዳሩ ረጥቦባቸዋል።

«ልጄ፣ እኔ ትምህርት አልጠላም» አሉ። «ግን ንብረቴ ውጭ እየበሰበሰ ቤቴ ባዶውን አይውልም። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪ ተቀምጦ ካየሁ ቤቱ የእናንተ ነው። ካላየሁ ጆንያ ይገባበታል። ከገባ ደግሞ እስከ ክረምት አይወጣም።»

እስከ ክረምት። የተበተነ ክፍል እስከ ክረምት ቆይቶ አይሰበሰብም።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ጎማ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ካላማዳሪያ ውስጥ የሚጨመር፣ ቀዳዳውን ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽ ነው፤ ለአንድ ለሁለት ቀዳዳ እንጂ ለቀንጠፋ የሚበቃ አልመሰለኝም። ሁለተኛው ደረቱ ላይ ወፍራም ድርብ ያለው፣ እሾህ የሚቋቋም ጎማ ነው፤ ለከተማ መልካም፣ ጎኑ ግን ስስ ነው፤ ቀንጠፋ ደግሞ በጎንም ይመጣል። ሦስተኛው ድፍን ጎማ ነው። አየር የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ጎማ ሆኖ፣ እንዳይከብድ ጎኑ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ይከብዳል፣ ያንገጫግጫል፣ ባትሪም ይበላል ይላል ያነበብኩት። ይበላ! ሊበሳ የሚችል ነገር የለውም። ያን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ተነስቼ መስኮቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁና ደወልኩ።

«መጠኑ ስንት ነው እመቤት? በግምት ይንገሩኝ።»

«በግምት አልነግርህም። ጻፍ።»

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ነገርኩት። የቸርኬውንም የውስጥ ስፋት ነገርኩት፤ ለክቼው ነበር። ድፍን ጎማ ወደ ውጭ የሚገፋው አየር ስለሌለው ከቸርኬው ጋር ልክ ካልሆነ ይሾልካል። ሰውየው ጽፎ ጨረሰ።

«የየትኛው ጋራዥ ሠራተኛ ነዎት?»

«የቤተ መጻሕፍት።»

ጎማዎቹ በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ በአውቶቡስ ደረሱ፤ እስከዚያ የድሮውን ጎማ እያስለጠፍኩ፣ እያረፈድኩ ነበር የምሄደው። አርብ ከሥራ በኋላ ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኳቸው። አገላብጦ አያቸው፣ በጥፍሩ ቧጠጣቸው፣ መሬት ላይ ጣላቸው፤ ነጠሩ። «ይሄ እንጀራዬን ሊዘጋ ነው የመጣው» አለ፤ ግን ዓይኑ እንደ እኔው ያበራ ነበር። ማስገባቱ ግን ትግል ሆነ። ድፍን ጎማ አይለጠጥም። በአንድ በኩል ስናስገባው በሌላው ይዘልላል። በሙቅ ውኃ እንደሚለሰልስ ስላነበብኩ ነገርኩት፤ ከጎረቤት ምግብ ቤት ትልቅ ድስት ተውሶ መጣና ጣድነው። ሰው ተሰበሰበ።

«ምንድን ነው የሚሠራው?»

«የጎማ ቅቅል!» አለ ጎሚስታው። «ቂጣ ይዘህ ና!»

ከድስቱ አውጥተን፣ በጨርቅ ይዘን፣ እሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ብረቱን እየጫንኩ፣ ጧ! ብሎ ገባ። ጮህኩ። እኔ ሰው ፊት ድምፄን የማላሰማው ሴትዮ ጮህኩ።

ቅዳሜ ተነሳሁ። ያንገጫግጫል ያሉት እውነት ነው፤ ኮረኮንቹ ላይ እያንዳንዱ ጠጠር በጥርሴ ውስጥ ይቆጠር ነበር። ምን ቸገረኝ! እሾህ ባየሁ ቁጥር መሪዬን ወደ እሱ አዞርኩ። ቀጋ ላይ ወጣሁ። የተሰበረ ጠርሙስ ላይ ወጣሁ። ሚስማር የበቀለበት ጣውላ ላይ እንኳ ሆን ብዬ ወጣሁና ወርጄ ጎማውን አየሁት፤ ጭረት ብቻ። ቀሪውን መንገድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነዳሁ።

ዘጠኝ ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረስኩ። መጋዘኑ ክፍት ነው፤ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ሀጂ በር ላይ ቆመዋል፤ ሠራተኞቻቸው ጆንያ ደግፈው ይጠብቃሉ።

«አንቺስ መጣሽ» አሉኝ። «ተማሪዎችሽስ?»

ያኔ ገባኝ። ሴቶቹ ማርፈዴን ለምደውታል። ባርሲስቱ ጎማዋን አስለጥፋ እስክትመጣ እያሉ ቡናቸውን አንድ ዙር ጨምረው ይገለብጣሉ። እንዳትቀሩ ብዬ ባለፈው ረቡዕ ለመጡት ነግሬያቸው ነበር፤ ሰዓቱን ግን በእኔ ሰዓት ቆጥረውታል። ከተማሪዎቼ በዕድሜ ትልቋ ጋ ደወልኩ። ያነሳው ባሏ ነው። ስልኩን ይዞ ጅማ ገበያ ወጥቷል።

ብስክሌቱን አዙሬ ወደ ቡናው ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያዋ ቤት ጋ ስደርስ ቀንጠፋው መንገዱን ዘግቶታል። ቆሜ ሴትዮዋን ተጣራሁ፦ «አዴ! ኤ አዴ!» የቤተ መጻሕፍት ድምፅ ነው ያለኝ፤ በአቅራቢያው ያለ የቡና መፈልፈያ ደግሞ ያጓራል። ከዛፎቹ መሃል ጎንበስ ብላ ጀንፈል ስትገለብጥ ይታየኛል፤ አትሰማኝም። የሰው በር ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው በር ሳይከፈትልኝ ገብቼ አላውቅም። እንደገና ተጣራሁ። ከዚያ ነዳሁበት።

ቀንጠፋው ከሥሬ ተንኮሻኮሸ። የቀሚሴን ጠርዝ ይዞ አስቀረ። ጎማዎቼ ግን እንደ ሳር ረግጠውት አለፉ! አልጋው አጠገብ ደርሼ ፍሬን ያዝኩ።

«ያ ረቢ!» ሴትዮዋ እጇ ላይ የነበረውን ጀንፈል በተነችው። «በየት ገባሽ?»

«በበሩ!»

«ቀንጠፋው አለ እኮ!»

«አለ! ደብተርሽን ያዢ፣ ዘጠኝ ሊሞላ ነው! ሀጂ ጆንያ ሊያስገቡ ነው!»

«ጎማሽስ?»

«አየር የለውም!»

«አየር ከሌለውማ እንዴት ትሄጃለሽ?» ስትል እኔ ሁለተኛው ቀንጠፋ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ። ይቅርታ እያልኩ እሻገራለሁ፤ ማንም ይቅርታዬን የሚሰማ አልነበረም። ጩኸቱ ከእኔ ቀድሞ ከማሳ ወደ ማሳ መሄድ ጀመረ፦ «ባርሲስቱን ዱፍቴ! አስተማሪዋ መጣች!» ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እጃቸው በእሸት ቡና ቀልቶ ሲሮጡ አየኋቸው። ትልቋ ተማሪዬ እግሯን ያማታልና ከኋላዬ አፈናጠጥኳት። ወገቤን ጨምቃ ያዘችኝ።

«ቀስ! ማሎ፣ እባክሽ ቀስ በይ! ይሄ ነገር ድንጋይ ነው እንዴ የተጫማው?»

«ልክ ነሽ!»

«ከሆነስ ንጂው!»

መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ሌሎቹ እየገቡ ነበር። አግዳሚዎቹ ሞሉ፤ የሩቆቹም እያለከለኩ መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሀጂ ስልካቸውን አወጡ፣ ሰዓቱን አዩበት፣ ሴቶቹን አዩ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ጎማ።»

«ውጩስ?»

«ጎማ።»

«መሃሉስ?»

«እሱም ጎማ ነው፣ ሀጂ።»

ሳቁ። ወደ ሠራተኞቻቸው ዞረው «በረንዳው ላይ ደርድሩትና ሸራ አልብሱት» አሉ። «ደህና አድርጋችሁ እሰሩት፣ እነዚህ የሚለቁልን አይመስለኝም።»

ከኋላ አግዳሚ ላይ ያለችው፣ በገለባው የቀለደችብኝ ሴት፣ እጇን አወጣች።

«ባርሲስቱ፣ ከእንግዲህ ሁልጊዜ በሰዓቱ ልትመጪ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ወይኔ!» ራሷን ያዘች። «ያ ካላማዳሪያ ምን በደለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። እጄ ከመሪው ንዝረት ገና አላረፈም ነበርና መስመሩ ወደ ታች ተንሻፈፈ። ላጠፋው ጨርቁን ሳነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው፣ ልክ እንደተጻፈው፣ ከነመንሻፈፉ እየገለበጡት ነበር። ጨርቁን መልሼ አስቀመጥኩትና ቀጠልኩ።