አዲስ ኮፒሊያ ስንጠብቅ

ስልኩ የተደወለልኝ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የደወሉት የወዳጄ አጎት ናቸው፣ ከመካነ ብርሃን። በዚያ መንገድ ስለምመላለስና አንዳንድ ዕቃ ስለማደርስላቸው ቁጥሬን ይዘውታል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እኅታቸው ሌሊት ማረፏን ነገሩኝ። እኅታቸው የወዳጄ እናት ናት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ቄሶቹን ለምነን ትንሽ እናቆያለን፣ አንተ ብቻ ልጇን ሳይሰማ አምጣልን አሉኝ። እሺ አያ አልኳቸው። እሺ ያልኩበትን አፌን ዛሬም እረግመዋለሁ።

በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚረዳው። «ትንሽ አሟታል» ማለትም አይሆንም፤ ትንሽ አሟታል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንግዲህ የቀረው ውሸት ነው። እኔ ደግሞ ሾፌር ነኝ፣ ውሸት አያጥረኝም።

ወዳጄ መካኒክ ነው። እኔን የሚበልጠኝ በሁለት ዓመት ቢሆን ነው፣ ግን ሥራ ላይ ቀስ ማለቱ ስለሚያናድደኝ ለማሾፍ እንደ ሽማግሌ «አያ» እለዋለሁ። ያን ቀን ማኪናዬ እሱ ጋ ነበረች፤ መሪዋ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮኝ ከዋዜማው አስገብቻት ነው ያደርኩት። ጋራዡ ስደርስ ከሥሯ ተኝቷል፣ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። መካነ ብርሃን አንድ የጭነት ማኪና ተበላሽቶ ቆሟል፣ ባለቤቱ አንተን እንዳመጣ ለምኖኛል፣ አሁኑኑ እንውጣ አልኩት።

ደስ አለው። ከሥር ሆኖ ሸጋ ነው፣ እግረ መንገዴን እናቴንም አያታለሁ አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ አላያትም ነበር። ፊቴን ስላላየ እግዜርን አመሰገንኩ።

የቀየረው ቴስቲናውን ነው፤ የመሪውን ዘንግ ከፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘውን አንጓ። እሱ ከወለቀ መሪው በእጅህ ይዞራል እንጂ ጎማው አይሰማህም። አዲሱ ገብቷል፣ የሚያስረው ዳዶም ጠብቋል። የቀረችው ኮፒሊያ ናት። ኮፒሊያ ዳዶው በመንገድ መንቀጥቀጥ እንዳይፈታ በቀዳዳው ገብታ ጫፏ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ናት፣ ከትንሽ ጣት አትረዝም። አሮጌዋ ሲያወጣት ተሰብራለች። እንዲያውም ባትሰበር አይመልሳትም ነበር፤ አንዴ የታጠፈ ብረት ሁለተኛ ካጠፍከው አይታመንም ይላል።

ዕለቱ ሚካኤል ነው። ልኩ ያለው ባለሱቅ ቅዳሴ ሄዷል። ሌሎቹ ዘንድ ሮጬ ጠየቅሁ፤ ወይ ወፍራም ነው ያላቸው ወይ ጨርሰዋል። ተመልሼ፣ በሽቦ እሰረውና እንሂድ፣ ደባርቅ ስንደርስ እንፈልጋለን አልኩት። ከማኪናው ሥር ወጥቶ ቁጭ አለ። ትክ ብሎ አየኝ።

«በሽቦ ታስሮ የቧሂትን ተራራ ልትወጣ? ልጆችህን ማን ያሳድግልህ?»

ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ይስቅብኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይለኛል። አንድ ጊዜ እጁን ይዤ ጎትቼ ልነግረው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ጋራዡ ውስጥ ብረት እየተቀጠቀጠ፣ እጁ ቅባት ሆኖ፣ እናትህ ሞታለች ይባላል? ሰው ምን ይለኛል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ባለሱቁ ነጠላውን እንዳጣፋ ሲመጣና ኮፒሊያዋ ገብታ ስትታጠፍ ከረፋዱ ሦስት ተኩል ሆነ። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያች ብረት ላይ ሄደ።

እስከ ደባርቅ አስፋልት ስለሆነ በፍጥነት ነዳሁት። ደባርቅ ላይ አቁምልኝ አለ፣ ለእናቱ ባዶ እጁን ሊሄድ ነው? ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛ። ከዚያ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሲያገላብጥ ቆየ፤ ደጋው እግሯን ይበርዳታል፣ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ቡናማው እያለ እኔን ይጠይቀኛል። ጥቁሩ አልኩት። ወይ እኔ።

ከዚያ በኋላ ኮረኮንች ነው። ስልክም የለም፣ ደረስን ትንሽ ጠብቁን ለማለት እንኳ አይቻልም። ወዳጄ ደግሞ አዲስ ዕቃ ያስገባህ እንደሆነ መንገድ ላይ ወርደህ ዳስሰው የሚል ሕግ አለው። ሁለት ጊዜ አቁም አለኝ። ሁለት ጊዜ ከሥር ገብቶ ዳዶውን በጣቱ ነካው፣ ጎማውን ያዝ አድርጎ ነቀነቀው፣ አቧራውን አራግፎ ተመለሰ። በሁለተኛው ጮኽሁበት። ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። አልተቀየመኝም።

«ምነው? የቆመ ማኪና ጥሎን የት ይሄዳል?» አለኝ።

ቧሂት ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ከአፍንጫችን ወዲያ አይታይም። እሱ ስለ እናቱ ያወራል፤ በልጅነቱ ገደል ጠርዝ እንዳይሄድ እንዴት ትቆጣው እንደነበር። እኔ መሪውን ጨብጬ ዘጠኝ ሰዓትን አስባለሁ። ማኪናዋ ግን እውነቱን ለመናገር ቀጥ ብላ ነው የሄደችው፤ መሪዋ ንቅንቅ አላለም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ስንደርስ ሰው ቁልቁል ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለኀዘን አዘቅዝቀዋል። እሱ ማን ሞቶ ነው አለ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ከሰዎቹ ፊት አጎቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ሳላቆም በሩን ከፍቶ ወረደ።

ቄሶቹ የቻሉትን ያህል ቆይተዋል። አፈሩ ተመልሶ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ድንጋዩን አቅፎ ወደቀ። ሊያነሱት የተዘጋጁት እጆች ሁሉ መጡ፣ ከበቡት፣ ደገፉት። ሥርዓቱ አልጎደለም፤ የጎደለችው እናቱ ናት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ስንት ሰዓት ነበር የሰማኸው አለኝ። አንድ ተኩል አልኩት። ሰዓቱን በጣቱ ቆጠረ።

«ምነው አልነገርኸኝ? በሽቦ አስሬው እመጣ ነበር እኮ።»

አንዳንዴ ሽቦው ቧሂት ላይ ተበጥሶ ሁለታችንም ገደል እንገባ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ራሴን መሸንገሌ ነው። ነግሬው ቢሆን ያችን አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት እንደሚያሳልፋት መምረጥ የሱ ነበር። ካልሲው ከማኪናዋ ወንበር ሥር ተረስቶ ነበር፣ ለአንዲት አክስቱ ሰጠሁት። ጓደኝነታችን አልተቋረጠም፣ ማኪናዬንም ሌላ ሰው አልነካትም። «አያ» ማለቱን ግን ተውኩት፣ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሳንጃ ከተማ ሞተ። እኔ አልሰማሁም። ሽማግሌዎች ከደጄ ተሰብስበው፣ አባትህ ለመሬት ክርክር ምስክር ፈልጎሃል ብለን እንውሰደው እያሉ ይመካከራሉ። እኔ ግቢ ውስጥ ማኪና አጥባለሁ። ወዳጄ መካከላቸው ነበር። ጥሏቸው ገባ፣ ከእጄ ላይ ጨርቁን ወሰደ።

«አባትህ አርፈዋል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ ቆላ ስለሆነ በሙቀቱ አያቆዩም። ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ እነዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተቆጡት። እንደ ከብት ሞት ይነገራል ወይ፣ ወግ አታውቅም ወይ አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። እኔ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ብብቴን ይዞ አነሣኝ። መንገዱን ሙሉ ጮኼ አለቀስኩ፣ የሚይዘኝም አልነበረም፤ እሱ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው።

አባቴ ሳይገነዝ ደረስኩ። ግንባሩን ሳምኩት። እጁን ይዤ ያሻኝን ያህል ተቀመጥኩ፣ ያልነገርኩትን ነገርኩት። ቀና ስል ወዳጄ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ትከሻው እስኪናወጥ ያለቅሳል። ለቀስተኛው እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል፣ ለሰው አባት እንዲህ ያለቅሳል እያለ ያደንቃል። እሱ ግን የሚያለቅሰው ለእናቱ ነበር።