ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

አዲስ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ይተክዛል ይባላል፤ እኔን ግን ያ እርጥብ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ የሚያስታውሰኝ በሰባት ዓመቴ አንዲት ቃል ለውጬ አገር ምድሩን እናቴ ደጅ ላይ የሰበሰብኩበትን ቀን ስለሆነ፣ እስቃለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ!

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ አጠገብ ነበር። ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት አባዬ ማሽላውን ዘርቶ ገና በቅጡ ሳይኮተኩት፣ ጣሊያኖቹ ከየመንደሩ ጎልማሳ እየለቀሙ ወደ ጣርማ በር ለመንገድ ሥራ ሲወስዱ እሱንም ወሰዱት፤ እማዬም ነፍሰ ጡር ሆና እኔን ይዛ ቀረች። ክረምቱን ሙሉ ከአረም ጋር ስትታገል ትውል ነበር፤ መጀመሪያ ጎንበስ ቀና እያለች፣ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ተንበርክካ። እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ፣ አረም ነው ብዬ ስንት ማሽላ እንደነቀልኩ እግዜር ይወቀው።

መስከረም ሲጠባ ማሽላው ራስ አወጣ፤ ጥቅምትን ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፌን እያስጮህኩ ወፍ ስጠብቅ እውል ነበር። ኅዳር ላይ ግን ክፉ ወሬ መጣ፤ ግሪሳ ከአዋሽ በኩል ተነሥቶ የታችኞቹን መንደሮች ማሽላ ጠርጎ በልቶ፣ አገዳውን ብቻ አስቀርቶ ወደ እኛ እየመጣ ነው ተባለ። ግሪሳን ያላየ ሰው «ወፍ ነው» ብሎ ይንቃል፤ ደመና ሆኖ መጥቶ ሲያርፍ ግን ወንጭፍ ቀርቶ መድፍም አይመልሰው። አባዬ ለአጨዳ እመጣለሁ ብሎ ልኮ ነበር፤ የመንገድ ሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ አልለቅህም አለው። ያ ማሽላ ከተበላ ደግሞ ዓመቱን የምንበላው አልነበረንም። ጎተራው ሥር የቀረችውን እህል እማዬ በእፍኝ እየለካች ነበር የምታወጣት።

እንግዲህ የእኔ ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እማዬ አንድ ቀን ጠራችኝና «ሂጂ፣ ለጋሼ ሰይድና ለእትዬ ዘይነባ፣ እማዬ ወንፈል እንግባ ትላለች በያቸው። ነገ ይጨዱልኝ፤ እኔም ወልጄ ስበረታ ቀናቸውን እመልሳለሁ። ሌላ ቤት እንዳትገቢ!» አለችኝ። ጋሼ ሰይድና ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ የእርሻ ድንበርተኞቻችን ነበሩ፤ እሳት እንኳ ሲጠፋብን የምንጫረው ከእነሱ ቤት ነው።

ወንፈል ተራ ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ደቦ ግን ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራበት፣ የመጣውም ሰው ጠግቦ፣ ዘፍኖ፣ ነገ ይመለስልኛል ሳይል የሚበተንበት ነው። ይህን አዋቂ ሁሉ ያውቃል። ለእኔ ግን ወንፈል ማለት ዝም ብሎ ሥራ፣ ደቦ ማለት ደግሞ ዘፈንና ምግብ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርደው ደቦው በለጠብኝ። ጋሼ ሰይድ ደጅ እንደደረስኩ «እማዬ ለነገ ደቦ ጠርታለች!» አልኩ። ምነው በዚያ ባበቃሁ! ስመለስም ውሃ የምትቀዳውን፣ ፍየል የሚነዳውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ «ነገ እኛ ቤት ደቦ ነው!» እያልኩ፣ እየፈነጠዝኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ማለዳ እማዬ በሩን ከፍታ ብትወጣ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ ከላይም ከታችም «እሆ!» እያለ ይመጣል። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ ላመልጥ ስል ጆሮዬን ያዘችኝ።

«ምን ብለሽ ነው የጠራሽው?»

«ደቦ» አልኩ፣ ድምፄ እያነሰ።

«ውይ ውርደቴ! ይሄን ሁሉ ሰው ምን ላበላው ነው?» አለችና ጆሮዬን ለቅቃ ወደ ጋሼ ሰይድ ሄደች። «ጋሼ ሰይድ፣ በሞቴ ሰዉን ይመልሱልኝ። ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው፤ እኔ ወንፈል ነው ያልኳት። ቤቴ ውስጥ የማቀርበው የለኝም» ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገርን በቀልድ የሚፈቱ ሰው ነበሩ። «ልጅቱ ደቦ ብላናለች፤ እኛም በደቦ መጥተናል። ግሪሳው እንደሆነ ደቦ ነው ወንፈል ነው ብሎ አይጠይቅሽም» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ማሳው ውስጥ ገቡ። ሰዉ ተከተላቸው።

አቤት የዚያን ቀን ደስታ! አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማሽላው ረድፍ በረድፍ ይወድቃል፤ ሴቶቹ ራሱን እየቆረጡ ወደ አውድማው ያግዛሉ፤ እኛ ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጥን በመሀል እንሯሯጣለን፣ ማንም አይቆጣንም። እትዬ ዘይነባ እማዬ አንገቷን ደፍታ መቆሟን አይተው «አንቺ፣ ምን ያስተክዝሻል? ምግቡ ይኸው ማሳው ላይ ቆሞ የለም እንዴ!» አሏትና ትልቁን ድስት ጥደው፣ ከአዲሱ ማሽላ ፈልፍለው ንፍሮ ቀቀሉ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ሥጋ የሚጠብቅ ክርስቲያን አልነበረም፤ ንፍሮ ደግሞ ቢላዋ ስለማይነካው እስላምና ክርስቲያን ከአንድ ገበታ ይበላዋል። አንዷ ጨው፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ የማያሰክረውን ጠላ፣ ቀሪቦ፣ በቅል ይዛ መጣች። እንደዚያ ቀን ንፍሮ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ማሳው አልቆ፣ ማሽላው አውድማ ላይ ተከምሮ ከተሸፈነ በኋላ ክርክሩ ተነሣ። «ያላበላሁበት ደቦ የለም፤ ይሄ ወንፈል ነው፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ» አለች እማዬ። ጋሼ ሰይድ «የበላነው ያንቺን ማሽላ አይደለም እንዴ? ደቦ ነው!» አሉ። ሰዉ እየሳቀ ግማሹ ከእሷ፣ ግማሹ ከእሳቸው ወገነ። ክርክሩ ሳይቋጭ እማዬ ወገቧን ያዘች፤ ምጥ ነበር። ሴቶቹ ወንዶቹን አባርረው ወደ ቤት አስገቧት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ።

«ወንድ ነው!» ሲባል ከውጭ የጋሼ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» ተሰማ። ከውስጥ ደግሞ የእማዬ የደከመ ድምፅ «ወንፈሌን የሚመልስልኝ መጣ!» አለ። ስሙንም ካሳ አለችው።

ግሪሳው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ባዶ ማሳ ላይ አረፈ። በጋው ሲገባ አባዬ ተለቅቆ መጣና የሞላውን ጎተራና እማዬ የታቀፈችውን ልጅ እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ። ነገሩን ሁሉ ስንነግረው «እዚያ ጋራው ላይ ሺህ ሰው ባንድነት ድንጋይ እንፈልጥ ነበር፤ ግን ደቦ አይባልም፤ ማን ማንን ጠርቶ!» አለ።

ካሳ ማጭድ መያዝ ከቻለበት ቀን ጀምሮ፣ እማዬ እንዳስተማረችው፣ ኅዳር ሲመጣ የጋሼ ሰይድን ማሽላ ሊያጭድ ይሄድ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ለልጃቸው፣ አሁን ደግሞ ለልጅ ልጃቸው። ዛሬ በዚያ አገር ሽንኩርትና ማሾ በዝቷል፣ ሥራውም በቀን ሠራተኛ ነው፤ አጫጁ የባለማሳውን ስም ሳያውቅ ውሎ ይገባል። አልፈርድም፤ ዘመኑ ነው። ባለፈው ጊዜ የልጅ ልጃቸው ስልክ ደውሎ «እማማ፣ እባክዎ ጋሽ ካሳን ይንገሯቸው፤ በምርኩዝ እየመጡ ያጭዳሉ። አያቴ እኮ ደቦ ነበር ይሉ ነበር፤ ምንም ዕዳ የለባቸውም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ከእኔ የተሻለስ ማን ያውቃል? ልነግረው ብዬ ሄድኩ። ካሳ ደጁ ላይ፣ ግራር ሥር ተቀምጦ ማጭዱን ይሞርዳል፤ ፊቱ ሠርግ እንደተጠራ ሰው በርቷል።

«ምነው፣ ደኅና ነሽ እህቴ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ፤ መቼ ነው አጨዳው?» አልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።